የጭቃ ሸርጣን ቆጠራ አስቸገረኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኬንያ ውስጥ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለው የጋዚ የባሕር ወሽመጥ፣ ለማስተርስ ጽሑፌ የጭቃ ሸርጣን እየቆጠርኩ ነው። ባሕር በሌለው አገር ላደገ ሰው የማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ጭቃ ቀልድ አይደለም። ቦት ጫማዬን ሁለት ጊዜ ውጦብኛል።

ችግሬ እንዲህ ነው። በወጥመድ እይዛለሁ፣ የጀርባውን ቅርፊት ስፋት እለካለሁ፣ ቅርፊቱ ላይ በቀለም ቁጥር ጽፌ እለቃለሁ። በኋላ ስመለስ ቁጥር ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚህ ከሄድኩ፣ በሁለተኛው ዙር ከተያዙት ስንቱ ምልክት እንዳላቸው አይቶ ጠቅላላውን የሚገምተው የሊንከን-ፒተርሰን ቀመር የሸርጣኑን ብዛት ሰማይ ያደርሰዋል። ቀመሩ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም፣ ምልክትም አይጠፋም ብሎ ነዋ የሚነሳው። ሸርጣኑ ግን ሲያድግ ቅርፊቱን ከነቁጥሬ አውልቆ ይጥላል! እንቁላል የያዙት ሴቶች ደግሞ ለማስፈልፈል ወደ ጥልቁ ባሕር ይወጣሉ።

ሌላም አለ። ወጥመዴ ውስጥ የሚገቡት ትልልቆቹ ናቸው። ትንንሾቹ የት ገቡ? ዓሣ አጥማጆቹ ውሃው ሲሸሽ ከጉድጓድ በዱላ እየጎተቱ ሲያወጡ አይቻለሁ። ግን ጉድጓድ መቁጠር ይበቃል? አንዱ ባዶ ነው፣ አንዱ የሌላ ዝርያ ነው።

መግባትና መውጣትን ወደሚፈቅደው የጆሊ-ሴበር ቀመር ልዙር? እሱም ቢሆን የምልክት መጥፋትን አይፈታልኝም። ቅርፊት ሲወልቅ የማይጠፋ ምልክት፣ ለምሳሌ ጡንቻ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሽቦ፣ በእጁ የሞከረ አለ? ወይስ ብዛቱን ትቼ በአንድ ወጥመድ የሚያዘውን ብቻ ከቦታ ቦታ ላወዳድር? እባካችሁ፣ ዝናቡ ሳይገባ መልሱልኝ።