ጎርፍና ናዳ የዘገባችሁ ጋዜጠኞች፣ ከአእምሯችሁ ያልወጣው ሰው ማነው?

ማይክ በእጁ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሬድዮ ላይ ነው የምሰራው፣ ስለ ድሮ የክረምት አደጋዎች ፕሮግራም ልሰራ ብዬ አርካይቭ ውስጥ ገብቼ ስሰማ ዜናው ሁሉ ይሄን ያህል ሰው ሞተ፣ ይሄን ያህል ተፈናቀለ፣ ባለስልጣናት ጎበኙ ብሎ ያልቃል። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሰው ያወጣው ሰው የለም በቃ። ቦታው ላይ የነበራችሁ ግን አይታችኋል አይደል? ያኔ ያልተላለፈውን ንገሩኝ እስቲ።

የደቻቱ ማዶ፦
ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም። ለማያውቀው ልንገር፣ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ይሻገርበታል። የዚያን ሌሊት ዝናቡ የጣለው በላይ በኩል ተራራው ላይ ስለሆነ ከተማው ተኝቶ ነው ድንጋይ እያንከባለለ የደረሰበት፣ ከ250 ሰው በላይ አለቀ። እኔ የማልረሳው አንድ ወዛደር ነው። የዕቃ መጫኛ ገመዱን አንዱን ጫፍ ፖል ላይ አንዱን ወገቡ ላይ አስሮ የጎረቤት ልጆችን እየተመላለሰ ጣራ ላይ አወጣቸው፣ ይሄን የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው እንጂ እሱ አላወራም። ስደርስ መዳፉ በገመዱ ተልጦ ነበር፣ ውሃ የያዘ ኩባያ እንኳን በሁለት ክንዱ አጣብቆ ነው የሚጠጣው። ማይክ ሳቀርብለት መልሶ እኔን ይጠይቀኛል፣ ልጆቹን የት ወሰዷቸው እያለ። ስቱዲዮ ስንመለስ ለዜና ይረዝማል ተብሎ ተቆርጦ ወጣ። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፣ የሚቆረጥ ከነበረ የባለስልጣናቱ ጉብኝት ነበር የሚቆረጠው።

ካሜራ ተሸካሚ፦
እኔ ጎፋ ነበርኩ። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ሐምሌ 15 2016። መጀመሪያ የወረደው ናዳ ቤቶች ቀበረ፣ ከዛ ጎረቤቱ፣ አስተማሪው፣ የጤና ባለሙያው፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ ሊያወጣ ተሯሩጦ ሄደ፣ እነሱ እየቆፈሩ ሁለተኛው መጣባቸው። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለእርዳታ የሄዱት ናቸው። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ከስር ደግፎ የያዘው ደግሞ በመጀመሪያው ተንዷል፣ ስለዚህ ከላይ የቀረው በማንኛውም ሰዓት ሊወርድ ይችላል። ማሽን እዛ ዳገት ላይ አይወጣም፣ አካፋና ዶማ ነው፣ የሌለው በእጁ፣ አንድ ልጅ በጣራ ቆርቆሮ ስባሪ ሲዝቅ ቀርጬዋለሁ። ሰው የመጀመሪያዎቹን ነው ጀግና የሚለው፣ ናቸውም፣ ግን እኔን ያስደነገጡኝ ከሁለተኛው ናዳ በኋላ የመጡት ናቸው። ምን ሊሆን እንደሚችል በአይናቸው አይተው እኮ ነው እዛው ጉድጓድ ውስጥ የወረዱት። አንዳንዶቹ ቀና ብለው ዳገቱን ያዩና መልሰው ይቆፍራሉ።

ጡረተኛዋ ሪፖርተር፦
ልጄ፣ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ በርታ። የድሬው በሆነ በቀናት ውስጥ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ዳሰነች ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሰው ማለቁንም እንዳትረሳው፣ ሩቅ ስለሆነ ሁሌ ይረሳል። አንድ ነገር ልምከርህ፣ ሰዎቹን ስታገኛቸው «ምን ተሰማህ» ብለህ አትጀምር፣ ዝም ይሉሃል ወይ ያለቅሳሉ። ገመዱን ከየት አመጣኸው፣ መጀመሪያ ማንን አወጣህ፣ ማን ያዘልህ ብለህ ጠይቅ፣ ያኔ ራሱ ያወራል፣ አብረውት የነበሩትንም ይጠራልሃል። ያላወጡት ሰው ካለ ደግሞ ስለሱ እነሱ ካላነሱ አንተ አታንሳ። ስማቸውን አየር ላይ ከመጥራትህ በፊት አስፈቅድ፣ የማይፈልግ ብዙ አለ።

ማይክ በእጁ፦
እማማ በጣም አመሰግናለሁ፣ ጥያቄዎቹን ጽፌ ይዣቸዋለሁ። የደቻቱ ማዶ፣ ወዛደሩ አሁንም ድሬ ካለ ወይ ከልጆቹ አንዳቸውን የሚያውቅ ካለ ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ የተቆረጠው ቅጂ ያለው ሰው ካለም እፈልገዋለሁ። ካሜራ ተሸካሚ፣ አንተንም ልደውልልህ ነው፣ ማታ ኔትወርክ ይኖርሃል?