ከኮቪድ በኋላ ለሚቆይ የአእምሮ መፍዘዝ «ደም ማጣራት»፦ ማሽኑ ምን ያወጣል?

ጤና መኮንን ዘደሴ፦

ጤና ይስጥልን። ከኮቪድ በኋላ ድካሙና ብሬን ፎግ የሚሉት የአእምሮ መፍዘዝ አልለቅ ያላቸው ሰዎች አሉ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻቸው «ጀርመን ደም አጣርተው ያድናሉ» ይሏቸዋል፤ እነሱም የክሊኒክ ዋጋ ዝርዝር ይዘው ምክር ፍለጋ ይመጣሉ። አንዱ ወረቀት «ሄልፕ አፌሬሲስ»፣ ሌላው «ኢሚዩኖአድሶርፕሽን»፣ ሦስተኛው በደፈናው «ደም ማጽዳት» ይላል። ይህ ከኩላሊት እጥበት በምን ይለያል? እያንዳንዱ ዘዴ ምን ያወጣል፣ የወጣውስ ስንት ቀን ሳይመለስ ይቆያል? ሰው ቤቱን ሸጦ ከመሄዱ በፊት ክሊኒኩን ምን ብሎ ይጠይቅ? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን።

ፕላዝማ60፦

ከኩላሊት እጥበቱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚምታታው እዚያ ላይ ነውና። የዲያሊሲስ ማጣሪያ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ዩሪያን፣ ፖታሲየምንና ትርፍ ውሃን ያሳልፋል፤ 66 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዝነው አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን ግን እንዳያመልጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። አይጂጂ የተባለው አንቲቦዲ 150፣ ደም የሚያረጋው ፋይብሪኖጅን ደግሞ 340 ኪሎዳልተን ነው። በተለመደው የእጥበት ማሽን 4 ሰዓት ቢተኙ ሁለቱም ካሉበት አይነቃነቁም። ስለዚህ «እዚሁ እጥበት ማእከል ያድርጉልኝ» ለሚል መልሱ አይሆንም ነው።

አፌሬሲስ ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ከደም ሕዋሳት ለይቶ ይነሣል፣ በማሽከርከር ወይም ቀዳዳው ሰፋ ባለ ማጣሪያ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

በፕላዝማ ልውውጥ የተለየው ፕላዝማ ይጣልና በምትኩ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አልቡሚን ይገባል። መጠኑ በግምት አይሠራም፤ 65 ሚሊሊትር በኪሎ ተባዝቶ፣ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ ይቀነሳል። 60 ኪሎ የሚመዝንና ሄማቶክሪቱ (የቀይ ሕዋሱ ድርሻ) 40 በመቶ የሆነ ሰው ፕላዝማው 2.3 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ያህል አንድ ጊዜ መለወጥ ደም ሥር ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር 63 በመቶ ያህሉን ያወጣል። እጥፉን ቢለውጡ 86 በመቶ እንጂ መቶ አይሆንም፣ ምክንያቱም የሚወጣው ከገባው ጋር እየተቀላቀለ ነው። የሚጣለው ፕላዝማ ጥሩውንም መጥፎውንም ይዞ ይሄዳል፤ የደም ማርጊያ ንጥረ ነገሮችም፣ ከበሽታ የሚከላከሉ አንቲቦዲዎችም አብረው ይጣላሉ።

ሄልፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጀርመን ጎቲንገን ላይ ለኮሌስትሮል ሕሙማን የተሠራ ነው። ፕላዝማው ሄፓሪን የተባለ የደም መርጋት መከላከያ ካለበት አሲዳማ አሲቴት ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀልና ፒኤቹ ወደ 5.1 ይወርዳል። በዚያ ፒኤች ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል)፣ እሱን የሚመስለው ሊፖፕሮቲን ኤ እና ፋይብሪኖጅን ከሄፓሪኑ ጋር ተያይዘው እንደ አይብ ይረጋሉ፤ የረጋው በማጣሪያ ይቀራል። ቀጥሎ ትርፉ ሄፓሪን በሌላ ማጣሪያ ይያዛል፣ አሲዱ በባይካርቦኔት እጥበት ይስተካከላል፣ ፕላዝማው ለባለቤቱ ይመለሳል። በአንድ ጊዜ እስከ 3 ሊትር ፕላዝማ ይታከማል፤ በደቂቃ 25 ሚሊሊትር ከሄደ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ኤልዲኤሉም ፋይብሪኖጅኑም በግማሽ ገደማ ይወርዳሉ። አንቲቦዲን ለማውጣት ግን አልተሠራም። «አንቲቦዲህን እናጸዳለን» እያለ ሄልፕ የሚሸጥ ካለ፣ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም ማለት ነው።

ኢሚዩኖአድሶርፕሽን የተገላቢጦሹ ነው፤ ፕላዝማው አንቲቦዲን በሚይዝ ዓምድ ውስጥ አልፎ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ዓምዱ ሁለት ነው፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው በአሲድ ይታጠባል። አልቡሚን መተካት ስለማያስፈልግ ከአንድ የፕላዝማ መጠን በላይ፣ እጥፉንም ማከም ይቻላል። ታጥቦ የሚያገለግል ዓምድ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ስም ተለጥፎበት መቀመጡን ማየት መብት ነው፣ ይጠየቅ።

የላብ ልጅ፦

ፕላዝማ60 የወጣውን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ የመመለሱን ነገር ልጨምር፣ ክርክሩ ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ።

ከአይጂጂ ከግማሽ በላዩ ያለው ከደም ሥር ውጭ ነው። ደሙ ውስጥ ያለውን ስታወጡት፣ ከውጭ ያለው በሁለት ቀን ውስጥ ክፍተቱን ለመሙላት ይገባል። 5 ወይም 6 ጊዜ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ አምራቹ ሕዋስ ሥራውን ካላቆመ በሳምንታት ውስጥ እንደነበረው ይሆናል። ለዚህ ነው ማያስቴኒያ ግራቪስን (አንቲቦዲ የሚያመጣውን የጡንቻ መድከም) የመሰለ፣ ልውውጡ በእርግጥ የሚሠራለት በሽታ ላይ፣ አምራቹን የሚገታ መድኃኒት አብሮ የሚሰጠው። ፋይብሪኖጅንን ጉበት በጥቂት ቀናት ይተካዋል። ኮሌስትሮልም እንዲሁ ነው፤ ሄልፕ ለተሠራበት ለውርስ ኮሌስትሮል እንኳ ሕክምናው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ለዓመታት ነው። ኢንተርሉኪን 6ን የመሰሉ የብግነት መልእክተኞችማ የሚቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ማሽኑ ሳይጠፋ አዲስ ይመረታሉ። ቧንቧው ክፍት ሆኖ ገንዳውን መቅዳት ነው።

አንድ የላብ ወጥመድ ልንገራችሁ። ክሊኒኮች «ይኸው ወረደ» ብለው የሚያሳዩት ውጤት ብዙ ጊዜ ልክ ሕክምናው ሲያልቅ የተቀዳ ደም ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ዝቅ ይላል፦ ኮሌስትሮሉ፣ ፋይብሪኖጅኑ፣ አንቲቦዲው፣ የብግነት መለኪያው ሲአርፒ ሳይቀር። የሚያሳየው ማሽኑ መሥራቱን ነው፤ በሽተኛው መዳኑን አይደለም። መጠየቅ ያለበት ከመጨረሻው ሕክምና ከ3 እና 4 ሳምንት በኋላ የተቀዳ ናሙና ነው።

«ማይክሮክሎት» (በደም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የረጋ ደም ቅንጣቶች) የሚባለው ምርመራም ይጠና። በደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የታወቀ ሐሳብ ነው፤ ፕላዝማ ታዮፍላቪን ቲ በተባለ ቀለም ተቀልሞ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ቅንጣቶቹ በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥም ታይተዋል። ደሙ ተቀድቶ ሳይሽከረከር ከቆየ፣ ወይም ፕላትሌት ከቀረበት፣ ስላይዱ ላይ የሚታየው መልክ ሊለወጥ ይችላል። ምን ያህል ሲሆን «ብዙ» እንደሚባል የተስማማንበት ቁጥር የለም። በዚህ ሥዕል ላይ ተመሥርቶ በሺዎች ዩሮ ማስከፈል ለእኔ ድፍረት ነው።

ጤና መኮንን ዘደሴ፦

ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንዱ ወረቀት ላይ «በርሊን ላይ ከ20 ሰው 14ቱ ተሽሎታል» ይላል። ውሸት ነው? ደግሞም ብዙዎቹ የደም ግፊት ሕሙማን ናቸው፣ ኢናላፕሪል የሚወስዱ።

ውስጥ ደዌ፦

ውሸት አይደለም፣ ግን ያልተጻፈው ይበልጣል። የበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ከኮቪድ በኋላ ኤምኢ/ሲኤፍኤስ (የማይለቅ ከባድ የድካም በሽታ) የያዛቸውንና የቤታ 2 አድሬነርጂክ ተቀባይን (የአድሬናሊን ተቀባይ) የሚያጠቃ አንቲቦዲያቸው ከፍ ያለ 20 ሰዎች መርጦ 5 ጊዜ ኢሚዩኖአድሶርፕሽን አደረገላቸው፤ 14ቱ በመጠይቅ በሚለካ የአካል አቅም ቢያንስ 10 ነጥብ አሻሽለዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። የመጣው ሰው ሁሉ ምን እየተደረገለት እንደሆነ ያውቃል፣ ያርፋል፣ ፈሳሽ ያገኛል። የመጨረሻውን በንቀት አልፈው እንዳይሄዱ፤ ሲቆም ልቡ የሚሮጥ ሰው አንድ ሊትር ጨው ውሃ በደም ሥር ቢሰጡት እንኳ በማግስቱ ጭንቅላቱ ቀለል ሊለው ይችላል።

ከዚህ የጠነከረው ስፔን ባዳሎና ላይ የተደረገው ነው። 50 የሎንግ ኮቪድ (ከኮቪድ በኋላ የሚቆይ ሕመም) ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 6 ጊዜ እውነተኛ ፕላዝማ ልውውጥ፣ ግማሾቹ የማስመሰያ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሕሙማኑ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉ አያውቁም ነበር። ልውውጡ ደኅና ነው፣ ግን ከማስመሰያው የተለየ መሻሻል አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግመው ኮክሬን ማይክሮክሎትን በፕላዝማ ሕክምና ለማውጣት የሚያበቃ መነሻ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻም ሻሪቴ ያጠናቸውን የመሰሉ አንቲቦዲዎች ለማምከን ታስቦ በጀርመን የተሠራው ቢሲ 007 የተባለ መድኃኒት ከማስመሰያው ሳይበልጥ ቀረ። ኢሚዩኖአድሶርፕሽንን ለዘላለም ዘግቼ አልጽፈውም፤ ተመርጠው ለተጠኑ ጥቂቶች ሊሠራ ይችል ይሆናል። ግን ቦታው በነፃ የሚሰጥበት፣ ዕጣ ያለበት ጥናት ነው። የምርምር ሕክምና ላይ በሽተኛውን ማስከፈል ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ዋናው። ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር (ሌላው የብግነት መለኪያ) በእውነት ከፍ ያለ ሰው ሲያጋጥምዎ «ሎንግ ኮቪድ ነው» ብለው አይለፉ፤ በሎንግ ኮቪድ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ቲቢን፣ ኤችአይቪን፣ የመገጣጠሚያና የሉፐስ ዓይነት በሽታዎችን ይፈልጉ። ለመፍዘዙ ደግሞ ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን፣ ቲኤስኤች፣ ስኳር፣ ቢ12። ጾም የሚያጠብቅ ሰው ላይ ቢ12 አይዘንጋ። የሚወስደውን መድኃኒት ይዩ፤ አሚትሪፕቲሊንና የቆዩት የአለርጂ ክኒኖች ብቻቸውን ያፈዝዛሉ። ማንኮራፋቱንም ሚስቱን ይጠይቁ፣ እሱ አያውቀውም።

ከዚያ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ፦ 5 ደቂቃ ይተኛና ምቱና ግፊቱ ይለካ፤ ቀጥሎ ተረከዙን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ፣ ጀርባውን አስደግፎ ይቁምና በየደቂቃው ለ10 ደቂቃ ይለካ። ግፊቱ ሳይወርድ ምቱ በ30 ከጨመረና ከቆየ ፖትስ (ሲቆሙ ልብ የሚሮጥበት ችግር) ይጠረጠራል፤ ይህ ደግሞ በውሃ፣ ግፊትና ኩላሊቱ ከፈቀደ በጨው፣ በጠባብ ካልሲ፣ ካልሆነም በመድኃኒት የሚረዳ ነገር ነው። ሥራ በሠራ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን የሚወድቅ ሰውን ግን «ስፖርት ሥራ» አይበሉት፤ ከአቅሙ በታች እየሠራ፣ ሳይደክም እንዲያርፍ ነው የሚመከረው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት መብረሩ ራሱ የሚጥለው ነገር ነው።

ፕላዝማ60፦

ስለ ኢናላፕሪሉ፦ ትልቅ ጥያቄ ነው። ፕላዝማ ከማጣሪያና ከዓምድ ጋር ሲነካካ ብራዲካይኒን የተባለ ደም ሥርን የሚያሰፋ ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ደግሞ እሱን የሚሰብረውን ኢንዛይም ይዘጋሉ። ሰውየው ፊቱ ይቀላል፣ ግፊቱ ድንገት ይወድቃል። ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፣ ግን ሐኪሙ በሌላ ዓይነት ተክቶለት እንጂ ራሱ አይተወው። ሌሎቹን የዕለት መድኃኒቶችም ከሕክምናው በኋላ እንጂ በፊት አይዋጣቸው፣ ከፕላዝማው ጋር ይወጣሉ።

ደም እንዳይረጋ ሲትሬት በሚጠቀም ማሽን ከንፈርና ጣት መንዘር የካልሲየም መውረድ ምልክት ነው፤ ወዲያው ይናገር፣ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ካልሲየም ይሰጠዋል። «ትንሽ ነው» ብሎ የታገሠ ሰው ጡንቻው ይጨብጣል፣ ልቡም ሊዛባ ይችላል። ሄፓሪን ከሆነ ፕላትሌቱ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን መታየት አለበት። ፋይብሪኖጅኑ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ቀጠሮው ይተላለፋል። ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት ደም አቅጣኝ ክኒን ደርበው የሚሰጡ አሉ፤ ጨጓራው ቢደማ ደሴ ላይ ማን ይከታተለዋል?

ክሊኒኩን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የትኛው ማሽን፣ የትኛው ማጣሪያ፣ የምታወጡት ንጥረ ነገር ስሙ ምንድን ነው፣ በእኔ ደም ውስጥ ከፍ ማለቱን በምን ለካችሁ፣ ስንት ሊትር ፕላዝማ፣ ስንት ጊዜ፣ መርፌው በክንድ ነው ወይስ በአንገት ካቴተር? ክንዱ ላይ ቁጥር 17 የተባለውን ወፍራም መርፌ የሚይዝ ደም ሥር ከሌለው ካቴተር ያስገባሉ፤ ኢንፌክሽኑም የሳንባ መበሳቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ደም ሥሩን እናንተው ጋ፣ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት፣ ክንዱን አስራችሁ እዩት።