በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች የትኛው ፋይል ሲስተም ይሻላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና አቅራቢ ድርጅት የመረጃ ሥራ እሠራለሁ። ከጎማ፣ ከማና፣ ከጌራና ከሊሙ ኮሳ ወረዳዎች የሚገባው እያንዳንዱ የቡና ርክክብ ክብደቱንና የአቅራቢውን መለያ የያዘ የራሱ ፋይል አለው። በመጋዘኖቻችን ያሉት 40 የሙቀትና የእርጥበት መለኪያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በየደቂቃው አንድ ፋይል ይጽፋሉ። ከ3 ኪሎባይት የሚበልጥ ፋይል የለም ማለት ይቻላል። አሁን ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ላዘጋጅ ስለሆነ፣ ፎርማት ከማድረጌ በፊት የትኛው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) እንደሚሻል ምክራችሁን እሻለሁ። መብራት በድንገት ሲቋረጥ መረጃው እንዳይጎዳም እሰጋለሁ።

የመጀመሪያ መልስ፦
ከፎርማት በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው፤ በሊኑክስ የተለመደው ፋይል ሲስተም ኢኤክስቲ4 የአይኖዶቹን (የየፋይሉን መግለጫ የሚይዙ መዝገቦች) ብዛት የሚወስነው ያን ጊዜ ነውና። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይፈልጋል፤ በተለመደው አሠራር ለየ16,384 ባይቱ አንድ አይኖድ ስለሚመደብ፣ የእርስዎ ዲስክ የሚኖረው 61 ሚሊዮን ገደማ ነው። አንድ መለኪያ በዓመት 525,600 ፋይል ስለሚያወጣ 40ዎቹ 21 ሚሊዮን ያወጣሉ፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ሳይሞላ አይኖዱ ያልቃል። ፋይሎቹ ባለ 4,096 ባይት አንዳንድ ብሎክ (ለፋይል የሚሰጥ ትንሹ የዲስክ ቦታ) ብቻ ስለሚይዙ፣ ያን ጊዜ ሦስት አራተኛው የዲስኩ ክፍል ገና ባዶ ሆኖ ሳለ ሲስተሙ ቦታ የለም ይልዎታል። ፋይል ሲስተሙን ካላሰፉት በቀር በኋላ አይኖድ መጨመር አይቻልም።

ስለዚህ ለአንድ አይኖድ የሚታሰበውን የባይት መጠን ወደ 4,096 ያውርዱት። አይኖዱ 244 ሚሊዮን ይደርሳል፤ አንዱ 256 ባይት ስለሚወስድ 62 ጊጋባይት ያህል ለዚሁ ይውላል፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚያስቆጭ አይደለም። የቀረውን የአይኖድ ብዛት ለማወቅ የዲኤፍን ትእዛዝ በአይ አማራጭ (df -i) ይጠቀሙ።

ሁለተኛ መልስ፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ሌላውን የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ኤክስኤፍኤስን እመርጣለሁ፤ አይኖዶቹን እንዳስፈላጊነቱ ስለሚፈጥር ይህ ሐሳብ ከነአካቴው ይቀርልዎታል። ይሁን እንጂ ከፋይል ሲስተሙ ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበኝ መጠባበቂያ ቅጂው ነው። 21 ሚሊዮን ፋይል ሲገለበጥ ጊዜ የሚፈጀው መጠኑ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ፈልጎ፣ ከፍቶ፣ አንብቦ መዝጋቱ ነው። መለኪያዎቹ በየደቂቃው አዲስ ፋይል ከሚከፍቱ በቀን አንድ ፋይል ላይ 1,440 መስመር ቢጽፉ፣ የዓመቱ ብዛት ወደ 14,600 ይወርዳል። ንባቦቹን በጥያቄ መፈለግ ካስፈለገዎት ደግሞ በኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ የመረጃ ቋት) ያኑሯቸው። የርክክቦቹ ፋይሎች እንዳሉ ይቆዩ፤ ሆኖም በወረዳ፣ በዓመትና በወር በተከፋፈሉ ማኅደሮች ይቀመጡ እንጂ ሁሉም በአንድ ማኅደር አይከማቹ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። የመለኪያዎቹን ፕሮግራም ለመቀየር ፈቃድ አለኝ፤ ንባቦቹን በቀን በቀን አጠቃልላለሁ። የመብራቱስ ነገር?

የመጀመሪያ መልስ ሰጪ፦
የባልደረባዬን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ፋይሎቹ ካነሱ ሁለቱም ፋይል ሲስተሞች ይበቁዎታል። መብራትን በተመለከተ፣ የሁለቱም ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚይዝ መዝገብ) የሚጠብቀው የፋይል ሲስተሙን መዋቅር ነው እንጂ ፕሮግራሙ በመጨረሻ የጻፈውን መረጃ አይደለም፤ መብራት ሲመለስ አዲሱ ፋይል ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የርክክቡ ፕሮግራም በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ በኤፍሲንክ (መረጃው በእርግጥ ዲስኩ ላይ እንዲጻፍ በሚያስገድድ ትእዛዝ) ወደ ዲስኩ ያስገባ፣ ከዚያም ስሙን ወደ ትክክለኛው ይለውጥ፤ በዚህ መንገድ በትክክለኛው ስም የሚገኘው ምንጊዜም የተሟላ ፋይል ነው። በኤስኪውላይት የሚቀመጠው ይህን በራሱ ይጠነቀቃል። ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግን ከዚህ ሁሉ ጋር ይኑርዎት።