«ለበጎ ነው» ሲባል «ለ» ምን ማለቷ ነው?

ሐይቅ ዳር፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። የሞተው ትንሽ ልጅ ነው፤ ታሞ። አንድ ሽማግሌ አባትየውን አቅፈው «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» አሉት። አባትየው ቀና ብሎ «ለማን?» አለ። የመለሰለት የለም። ጥያቄዬ የሰዋስው ነው። ይቺ «ለ» ዓላማ ናት ወይስ መድረሻ? ዓላማ ከሆነች፣ እግዜር ልጁን የወሰደው አስቦበት፣ በጎ ሊያመጣበት ነው። መድረሻ ከሆነች፣ ክፉው ከየትም ይምጣ፣ እሱ ወደ በጎ ይመልሰዋል። በአንዱ ገዳይ ነው፣ በሌላው ጠጋኝ። ሽማግሌው የትኛውን ነው ያሉት?

ዘዋሸራ፦ ምንጩ ሮሜ 8፥28 ነው። «እግዚአብሔርንም ለሚወዱት እንደ አሳቡም ለተጠሩት ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ እናውቃለን።» ሦስት «ለ» አለች። ሕዝቡ ሁለቱን ጥሎ አንዷን ብቻ ይዞ በየለቅሶው ይዞራል። «ለማን?» ላለው ሰው መልሱ እዚያው ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦ የኔታ፣ ልጁን ለቀበረ አባት «ለሚወዱት ብቻ ነው» ሊባል? ይህን ያለ ሰው ከድንኳኑ በእግሩ አይወጣም።

የአላሙራው፦ ሥሩን ሳናይ ነው የምንደክመው። በጎ የመጣው ከበግ ነው። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ቢላውን ሲያነሳ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘ በግ አየ። ነገሩ በበግ አለቀ፤ በጎ ሆነ።

ታቦር፦ ለበጉስ?

ዘዋሸራ፦ በግ በግዕዝ «በግዕ» ነው። ዐይኑ ዐ የት ገባች? ከነቆዳዋ በላሃት?

የአላሙራው፦ እሺ፣ በጉን ተውኩት። ግን ቸርነቱ ስሙ ላይ አለ። እግዚእ፣ አብ፣ ኄር። ጌታ፣ አባት፣ ቸር። ስሙ ቸር የሆነ እንዴት ክፉ ያደርጋል?

ዘዋሸራ፦ ይሄ የሰባኪ ማጣፈጫ ነው። እግዚአ ብሔር ነው፤ የዓለም ጌታ። ብሔር በሐመሩ ሐ፣ ኄር በብዙኃኑ ኀ። የገብር ኄር ዕለት ስታስቀድስ መጽሐፉን አላየህም?

የአላሙራው፦ የድሮ ጸሐፍት ሁለቱን ሲያቀያይሩ ኖረዋል። ብራና ገልጠህ እይ።

ዘዋሸራ፦ የጸሐፊ ስሕተት ሥር አይሆንም። ብራናውን እኔ ነኝ የገለጥኩት፤ አንተ ስልክህን ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ኧረ የኔታ ካሸነፉ ነገሩ ባሰ! ስሙ ጌትነቱን እንጂ ቸርነቱን አይናገርም ማለት ነው። በጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ በኤፊቆሮስ ስም የሚነገረው ጥያቄ እኮ ይኸው ነው፦ ክፉን ማስቀረት ፈልጎ ካልቻለ ምን ጌታ ነው? ችሎ ካልፈለገ ምን ቸር ነው? ጀርመናዊው ፈላስፋ ሌይብኒዝ በ1710 እ.ኤ.አ. ለዚህ ክርክር ስም አወጣለት፣ ቴኦዲሴ። ከግሪኩ «ቴኦስ»፣ አምላክ፣ እና «ዲኬ»፣ ፍትሕ። ያለንበት ዓለም ሊፈጠሩ ይችሉ ከነበሩት ሁሉ የተሻለው ነው አለ። በ1755 የፖርቱጋሏ ሊዝበን በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ፈረንሳዊው ደራሲ ቮልቴር «የተሻለው ዓለም ይሄ ነው?» ብሎ ተሳለቀበት። በአማርኛ ቴኦዲሴን ምን እንበለው?

ዘዋሸራ፦ «ርትዐ እግዚአብሔር»።

ታቦር፦ ሊዝበን ፍርስራሹ ላይ ቆመህ በላቸው እስቲ። እኔ ግዕዝ የለኝም፤ ጴንጤ ነኝ፣ አትሳቁ። ኢዮብን ግን አንብቤዋለሁ። ዐሥር ልጆቹ ሲሞቱበት ምን አለ? «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ።» «ለ» የት አለች? ለምን እንደ ነሣ አልተናገረም። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ምክንያቱን እናውቃለን ያሉት ጓደኞቹ ናቸው። ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ጥሩ ለቅሶ ደራሾች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ተበላሸ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ እንጂ በኢዮብ አይደለም።

ዘዋሸራ፦ ዮሴፍስ? ዘፍጥረት 50፥20፣ «ለመልካም አሰበው»። ዓላማዋ «ለ» ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች።

ታቦር፦ ራሱ ዮሴፍ ነዋ ያለው! የተሸጠው እሱ፣ የታሰረው እሱ። ያውም ግብፅ ላይ ከተሾመ በኋላ። ወንድሞቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ቢሉትስ? ያቺው «ለ» ናት፣ ግን ስድብ ትሆናለች።

ፊደል ቆጣሪ፦ በቃ፣ እኔ እዚህ ላይ ተሸንፌአለሁ።

ዘዋሸራ፦ ስብከት ነው እንጂ ሰዋስው አይደለም፣ ታቦር እህቴ።

ሐይቅ ዳር፦ ሽማግሌውን ማታ አግኝቼ ጠየቅኳቸው። «ምን አውቄ ልጄ፣ አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት» አሉኝ። እና አሁንም ልጠይቅ፤ ዓላማ ናት ወይስ መድረሻ?

የአላሙራው፦ ሲዳምኛ የሚችል የለም? እዚያስ ለቅሶ ላይ ምን ይባላል? ሀይለኛ ክርክር ነው!

ዘዋሸራ፦ «ኃይለኛ» በል፤ ብዙኃኑ ኀ። ሐይቅ ዳር፣ አንተም ስምህን አስተካክል። ሐይቅ በግዕዝ ዳርቻ ማለት ነው። «ዳርቻ ዳር» ተብለህ ነው የምትጠራው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሐዋሳንም በየትኛው ሀ እንደምንጽፋት ይንገሩንና እንተኛ።

ዘዋሸራ፦ እሷ ግዕዝ አይደለችም። በፈለግከው ጻፋት።