የመኪናው ቀረጥ ከተነሳ የምጣዱስ?

የሰሚት ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ አንድ የምር ክርክር ልክፈት። ጥር በገባ ቁጥር የላስ ቬጋሱ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ወሬ ስልካችንን ያጥለቀልቀዋል። ዘንድሮም ኤልጂ ልብስ የሚያጥፍ ሮቦት አሳይቷል፣ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሆኗል። ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በመጪው 2019 እኛ ቤት ምን ይገባል የሚለው ነው። የአብዛኛው ሰው ፍላጎት እንጀራ በወጉ የሚያወጣ ምጣድና ወጥ የሚሠራበት ምድጃ ነው። ከሰል አይቀመስም። ጋዝ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም።

ጥያቄዬ ይኸው። መንግሥት በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ኤክሳይሱንና ሱር ታክሱን አንስቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀረ፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ አደረገው። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ነዳጅ በዶላር ከምንገዛ የራሳችንን መብራት እንጠቀም ነው። ታዲያ ያንኑ መብራት ለሚጠቀሙት ለምጣድና ለምድጃ ተመሳሳይ እፎይታ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? እኔ ይሰጥ ባይ ነኝ። መኪና የሚገዛው ስንት ሰው ነው፣ እንጀራ የሚጋግረውስ?

ከመርካቶ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽን አልጠላሁትም፤ ግን እቃ የምሸጠው እኔ ነኝና ልንገርሽ። ቀረጥ ተነሳ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ያኔ ሱቄ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዋጋው ተቀየረ፣ ቀረጡ ግን ያው ነበር። ቀረጥ አንዴ ቢነሳ ዶላሩ መልሶ ይበላዋል።

ደግሞ ሰው የሚገዛውን አይቶ አይገዛም። ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቀውን ኢንዳክሽን ምድጃ ወስደው በማግስቱ «አይሠራም» ብለው የሚመልሱልኝ ብዙ ናቸው። ምድጃው ደህና ነው፣ ድስታቸው አልሙኒየም ነው። አሁን ሱቅ ውስጥ ማግኔት አስቀምጫለሁ፤ የድስቱ ቂጥ ላይ ካልተጣበቀ ምድጃው አያውቀውም እላቸዋለሁ። ጀበናም አይሠራበትም። ስለዚህ ምድጃውን የገዛች ሴት ድስቶቿንም መለወጥ አለባት፣ ለቡና ደግሞ ሌላ ምድጃ ያስፈልጋታል። ይኼን ማን ያስብላታል?

ኤሌክትሪሻኑ ከአየር ጤና፦
ሁለታችሁም ዋናውን ትታችሁታል። ችግሩ ቀረጥ ሳይሆን መስመር ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ተራው ሶኬት አቅሙ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ለሥራ በምገባባቸው ቤቶች የማየው ምንድነው? ምጣዱ ለአምፑል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ተሰክቷል፣ ሶኬቱ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከፊሻው ጋር ተጣብቋል። ብሬከሩ እየዘለለ ሲያስቸግር ደግሞ ትልቅ አምፔር ይቀይሩበታል፤ ብሬከሩ የሚዘለው እሳት እንዳይነሳ መሆኑን የሚነግራቸው የለም። ምጣድ የራሱ መስመር፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል።

ከቤት ስንወጣ ደግሞ ሰፈሩ አለ። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 160 ይወርዳል። በ160 ቮልት ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ግማሽ አካባቢ ነው። እናቶች «ሊጡ ተበላሸ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣም» ይላሉ፣ ሊጡ ምንም አልሆነም። በበዓል ዋዜማ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን ያቁሙ እየተባለ የሚለመነውም በዚሁ ነው። ህዳሴው 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ ኃይል አለ። ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ግን ያው የድሮው ነው። በዚህ ላይ ምጣድ በርካሽ ብታጎርፉበት ምን ይመጣል? መብራት ይጠፋል፣ ሰውም ወደ ከሰሉ ይመለሳል።

የሰሚት ልጅ፦
ወንድሜ፣ የቤት ውስጥ ሽቦው ላይ ያልከው ልክ ነው፣ ሰው ሁሉ ያንብበው። የትራንስፎርመሩን ነገር ግን አልቀበልህም። ቤት ውስጥ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር የሚሞላ አንድ መኪና የሁለት ምጣድ ያህል ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። መኪናው ሲፈቀድ «መጀመሪያ ትራንስፎርመር ይቀየር» ያለ ሰው አልነበረም። ምጣድ ሲባል ነው መስመሩ ትዝ የሚለን? ጢስ ውስጥ የምትውለው ሴት ናት፣ ሕፃኑም ከጀርባዋ ታዝሎ አብሯት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በ2020 በፈረንጆቹ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ይኼ የቅንጦት እቃ ክርክር አይደለም።

ተከራይዋ፦
እኔ አንድ ነገር ልበል። ስለ ቀረጥ የምትከራከሩት ቆጣሪ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ። የኔ አከራይ ቤቱን ሲያሳየኝ ኪራዩን ከመናገሩ በፊት የነገረኝ «ምጣድ አይሰካም» የሚለውን ነው። ምድጃም በስንት ልመና ነው፣ እሱም ከመሸ በኋላ አይቻልም። ግቢው ውስጥ ስድስት ቤት ነን፣ ቆጣሪው አንድ። ቆጣሪው በጋራ ስለሆነ ሁላችንም በከፍተኛው እርከን ሂሳብ እንከፍላለን፣ ማን ምን እንደተጠቀመ አይታወቅም፣ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። እንጀራ ከሱቅ እየገዛሁ፣ ወጥ በከሰል እየሠራሁ ነው የምኖረው። ምጣድ በነፃ ብትሰጡኝ የት እሰካዋለሁ?

ኤሌክትሪሻኑ ከአየር ጤና፦
እህቴ ያነሳችው የሂሳቡ ነገር ትልቅ ነው፣ ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ። ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት በወር ከ40 በላይ ይሄድበታል። ርካሹ የታሪፍ እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማለትም እንጀራ ብቻውን የድሃውን እርከን ሊጨርሰው ደርሶ፣ አምፑሉና ቴሌቪዥኑ ወደሚቀጥለው ይገፋሉ። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ነው የተወሰነው፣ በ2019ም ይቀጥላል። አንድ ቤት በእርከኑ ይህን ያህል ከተጎዳ፣ ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ምን ሊሆን ነው?

የምጣድ ሠሪው ልጅ፦
አባቴ ምጣድ ሠርቶ ነው ያሳደገን። ሸክላው ከገጠር ይመጣል፣ ከሥሩ ቦይ ይወጣለታል፣ ሽቦው እዚያ ውስጥ ይተኛል፣ ጀሶ ይደረግበታል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ይለብሳል። የተገጣጠመ እቃ ከውጭ ያለ ቀረጥ ይግባ ካላችሁ ይህን ሥራ ነው የምትዘጉት። ከመኪናው ተማሩ ካልን ሙሉውን እንማር፤ እዚያ ዜሮ የተደረገው እዚህ ለሚገጣጠመው ነው። ለምጣድም እንዲሁ ይሁን። የማሞቂያ ሽቦው፣ ቴርሞስታቱ፣ ሙቀት የሚይዘው ፋይበር ያለ ቀረጥ ይግባልን። አሁን ሽቦው ከየት እንደመጣ እንኳ አይታወቅም፣ አንዱ ዓመት ይቆያል፣ አንዱ በወሩ ይቃጠላል። ስሙ የሚጠፋው ግን የሠሪው ነው።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ሶኬቱ 120 ቮልት ስለሆነ የምንጋግርበት እቃ 1500 ዋት አካባቢ ብቻ ነው። ስፋቱ 16 ኢንች፣ መጋገሪያው ሸክላ ሳይሆን የማይጣበቅ ሽፋን ያለው ብረት፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት አለው። እንጀራው ያነሰና የሳሳ ነው፣ የእናቴ እንጀራ ነው አልልም፣ ግን ዓይኑ ይወጣል። በግማሽ ኃይል መጋገር ይቻላል ማለቴ ነው። የኛ ሸክላ ወፍራም ነው፣ እስኪግል ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ሙቀቱም ወደ ታች ያመልጣል። እፎይታው ለማንኛውም ምጣድ ሳይሆን ትንሽ ለሚበላው ቢሰጥስ?

ከመርካቶ፦
ይኼኛው ሐሳብ ለኔም ይገባኛል። ግን ትንሽ መብላቱን ማን ይለካል? ሳጥን ላይ 1500 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ፍተሻው እቃው መርካቶ ከገባ በኋላ ከሆነ ዋጋ የለውም። ሳይራገፍ በፊት ይፈተሽ፣ ያላለፈው ይመለስ። ይህ ከተደረገ እኔ ራሴ ቀረጡ ይነሳ ባይ እሆናለሁ፣ የማይመለስ እቃ መሸጥ ለኔም ይሻለኛል።

የሰሚት ልጅ፦
እንግዲህ ክርክሩ እየጠራ ነው። አቋሜ አልተለወጠም፣ እፎይታው ይሰጥ። ነገር ግን እዚህ ለሚሠራው ምጣድ ጥሬ ዕቃው ዜሮ ይሁን፣ ከውጭ የሚገባው ምድጃ ተፈትሾ ይግባ። ታሪፉ ላይ ደግሞ የ50ዋ እርከን ከፍ ትበል፣ ምክንያቱም እንጀራ መጋገር ብዙ መብራት እንደማባከን ሊቆጠር አይገባም። ኤሌክትሪሻኑ የሚለውን ትራንስፎርመር ግን ቅድመ ሁኔታ ካደረግነው ሌላ አሥር ዓመት ከሰል እናነዳለን። ሁለቱም አብረው ይሂዱ።

ኤሌክትሪሻኑ ከአየር ጤና፦
አብረው ይሂዱ ስትዪ እስማማለሁ፤ ከሰፈር ይጀመር። ብዙ ምጣድ ያለበት ሰፈር ይታወቃል፣ የሚቃጠለው ፊውዝ ይነግርሻል። በኮንዶሚኒየም ያሉት ኮሚናል (የነዋሪው የጋራ መገልገያ) ቤቶች ግማሾቹ መጋዘን ሆነዋል፤ እነሱ ላይ ጠንካራ መስመር ተዘርግቶ በተራ ይጋገርባቸው። ከአንድ ትልቅ ቦታ የሚመጣ የመብራት ጭነት ከየቤቱ ተበታትኖ ከሚመጣው ለመቆጣጠር ይቀላል።

ተከራይዋ፦
ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቢያንስ የራሱ ቆጣሪ አለው። እኔ የምጠይቀው ለተከራይ በስሙ ቆጣሪ እንዲገባለት ነው። የካርድ ቆጣሪ ይሁን፣ ሞልቼ የሞላሁትን ልጠቀም። አከራዬ የሚፈራው ሂሳቡን ነው፣ ምጣዱን አይደለም፣ እሱ ራሱ ነግሮኛል። ይህ ከተፈታ ምጣዱን በሙሉ ዋጋ፣ ከነቀረጡ፣ ቆጥቤ እገዛዋለሁ። እናንተ በምትጠይቁት ነገር ዝርዝር ውስጥ የኔን ጥያቄ ከቀረጡ በፊት አስገቡልኝ።