በ31ኛ ሳምንት ምጥ ጀመራት፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ባለቤቴ የ31 ሳምንት እርጉዝ ናት። ትናንት ሌሊት ወገቧን ይዟት፣ ሆዷም መለስ ቀለስ እያለ ሲጠነክርባት ሆስፒታል ወሰድናት። አስተኝተው ምጡን የሚያስታግስ እንክብልና ለልጁ ሳንባ የሚሆን መርፌ ጀመሩላት። አሁን ሕመሙ ቀለል ስላላት እናቷ «ይበቃታል፣ ቤቷ ትረፍ፣ ጠበል ትጠጣ» እያሉ ነው። ልጁ አሁን ቢወለድ ይተርፋል? እኔስ ምን ልሥራ?

መልስ (አዋላጅ ነርስ)፦
ወንድሜ፣ አይዞህ። ሕመሙ ቀለል አለ ማለት ምጡ ቆመ ማለት አይደለምና እባካችሁ እንዳትወጡ። መርፌው ዴክሳሜታዞን ከሆነ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ይሰጣል። እንክብሉም ለዚያ የሚሆን ሁለት ቀን እንድታገኙ ነው። ለእናቷ በአክብሮት ይህንኑ አስረዳቸው፤ ጠበሉን ሐኪሟን ጠይቃችሁ እዚያው ትጠጣ።
ዛሬውኑ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ኦክስጅንና ማሞቂያ ያለው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አላቸው? ከሌላቸው ሪፈር አሁኑኑ ይጻፍላችሁ። ከተወለደ በኋላ በአምቡላንስ ከሚንገላታ በእናቱ ሆድ ሆኖ ቢሄድ ይሻለዋል። ጥሩ ክትትል ካለ በ31 ሳምንት የሚወለዱት አብዛኞቹ ይተርፋሉ። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ካየች፣ ካተኮሳት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወዲያው ነርሶቹን ጥሪ በላት።

መልስ (የሁለት ልጆች እናት)፦
የመጀመሪያዬን በ32 ሳምንት ነው የወለድኩት። መጥባት አልቻለም፤ ወተቴን በእጄ እያለብኩ በቱቦ ይሰጡት ነበር። እንገሩ ጥቂት ጠብታ ቢሆንም እንዳይደፋ! ከሁሉ የጎዳኝ ግን የዘመድ ዝምታ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ስለነበር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለኝ ጠፋ፤ ሁሉም ፈርቶ እያየኝ ይወጣል። አንተ በላት፣ ሌሎቹም እንዲሏት ንገራቸው። ወልዳለች እኮ!

መልስ (አባት)፦
ደረትህን አዘጋጅ። የካንጋሮ እንክብካቤ (ልጁን ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማሞቅ) በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ማሞቂያ ሲያጥር የተጀመረ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይመክራል። እናት ብቻዋን አትችለውም። እሷ ስትተኛ እኔ ሸሚዜን ከፍቼ ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በነጠላ እታሰር ነበር። ነርሶቹ አስተማሩኝ፤ ዓይናፋርነቱ በአንድ ቀን ለቀቀኝ። ቤት ያለ ልጅ ካላችሁ ማን እንደሚይዘው ዛሬ ወስኑ፤ ቆይታው ሊረዝም ይችላል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አላቸው፤ እናቷም እሺ ብለዋል። ምን ልግዛ?

መልስ (የሁለት ልጆች እናት)፦
ትንሽ ቆብ፣ ካልሲ፣ ዳይፐር (ትንሹን መጠን)፣ ለእሷም ከፊት የሚከፈት ቀሚስ። ጡጦ አትግዛ።