ፎልደር ወይስ ታግ? የዘፈን ክምችቴ ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ወገኖች። ከካሴት የገለበጥኳቸው የድሮ ዘፈኖች ሃርድ ዲስኬን ሞልተውታል። በየዘፋኙ ስም ፎልደር ከፍቻለሁ። ግን ሁለት ሰው የተቀባበለው ዘፈን የት ይግባ? ኮፒ ባደርገው ቦታ ይበላል። ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ብቻ ለይቼ መስማት ብፈልግስ? በትዝታና በባቲ ቅኝት የተዘፈኑትንስ?

በታግ፣ ማለትም የዘፋኙን ስም፣ ባንዱን የመሳሰለውን መረጃ ዘፈኑ ላይ በመለጠፍ፣ ይፈታል ይሉኛል። ኤምፒስሪ ታጉን እዚያው ፋይሉ ውስጥ መያዙ ደስ ይላል። የሚያናድደው የፊደሉ ነገር ነው። አንዱ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» ብዬ ብጽፍ ፕሮግራሙ ሁለት ዘፋኝ ያደርጋቸዋል። የመኪናዬ ቴፕማ አማርኛውን በባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየኝ!

ፎልደሩን በዘፋኝ ትቼ ባንድና ቅኝቱን በታግ ብይዝ ያስኬዳል? ቅኝቱንስ የት ነው የምትጽፉት፣ ታጉ ውስጥ ዣንር (የዘፈን ዓይነት) የሚለው ላይ ወይስ ኮሜንት (ማስታወሻ) የሚለው ላይ?